ስምንት ስም ለሰባት ወንበር

ይድረስ ለወንድሜ ለሀምዳን፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህልኝ? ጤናህስ? ጉሮሮህ ተሻለህ? ባለፈው ስትደውል ታስል ነበር፤ አባዬ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሳምንት ሙሉ ስለዚያች ሳልህ ሲያወራ ሰነበተ። ምግቡስ ተስማማህ? የዉሃን ከተማ ሙቀት ዘንድሮም መሬት ላይ ያስተኛሃል ወይስ ማራገቢያ ገዛህ? ትምህርቱስ ወደ ማለቂያው ደረሰ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። የአባዬ ጉልበት ክረምት ሲገባ እንደልማዱ ይጠዘጥዘዋል። ታናሻችን ፋሪዳ ፈተናዋን ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች ነው። እኔም የዩኒፎርም ወቅት ስለደረሰ ሁለቱም የስፌት መኪናዎች ቀኑን ሙሉ አይቆሙልኝም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ አብደላ ነው፤ ያ 18 ማዞሪያ ላይ የጫማ ሶል የሚሸጠው። እቃ ሊጭን ቻይና፣ ጓንጁ ስለሚሄድ ከዚያ በፖስታ ይልክልሃል። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ፤ ስለ ምርጫ ነገር በዊቻት አትጻፊብኝ ያልከኝ ራስህ ነህ። ደግሞም በስልክ ብነግርህ ትስቃለህ። ይህን ነገር እየሳቅህ እንድትሰማው አልፈለግሁም።

ጋሽ ሙዘይን ከእድራችን ዳኝነት መውረዱን የነገርኩህ ጊዜ እንዴት እንደጮህክ ታስታውሳለህ። ፋሪዳ እንኳ ድምፅህን ሰምታ ከጓዳ ሮጣ መጣች። ያኔ ነው የመመረቂያ ጽሑፍህ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ እድራችንን አስገባዋለሁ ያልከው። አንድ ፓርቲ ብቻውን በሚገዛበት አገርም ቢሆን በሩ ትንሽ ከተከፈተ ሕዝቡ ራሱ ያሰፋዋል ስትል የኖርከው ነገር፣ በኮልፌ እድር ተረጋገጠልኝ አልክ። እንግዲህ ምዕራፉን ከመጻፍህ በፊት ይህን አንብብ። ከጻፍከውም ቅደደው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ሙዘይንን አንቱ ማለት ትቻለሁ። ፊት ለፊቱ እላለሁ፣ ወረቀት ላይ ግን እጄ እምቢ ይለኛል። አባዬ ይህን ቢያይ ይቆጣኛል፤ አንተ ግን ትረዳኛለህ።

እማዬ በሞተችበት ጊዜ አንተ እዚያ ነበርክ፤ የሆነውን የሰማኸው በቁርጥራጭ ነው። ነገሩ የጀመረው እሷ ከመታመሟ በፊት ነበር። አባዬ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነስቶ፣ አንድ ዳኛ ከሁለት ዙር በላይ ባይቀመጥ ምን ይመስላችኋል ብሎ ጠየቀ። አልተሳደበም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ሙዘይን ያኔ በዳኝነት አስራ አራተኛ ዓመቱ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው ብሎ በቃለ ጉባኤ አስመዘገበለት፤ በልቡም መዘገበው። ከዚያ እማዬ ታመመች። አባዬ ሆስፒታል ወለል ላይ ሲያድር በሦስት ቀብር ላይ አልተገኘም። መዝገቡ ላይ ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ ተባለ። ሚስቱን እያስታመመ ነው ብለው ከሰል ሻጯ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩብርሃን በየቀብሩ ተናግረውለት ነበር። ሙዘይን በሰው አፍ መገኘት የሚባል ነገር በደንቡ የለም አላቸው።

እማዬ ስታርፍ የእድሩ ጥሩምባ አልተነፋም። አባዬ ድንኳን ሊጠይቅ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሙዘይን ደጁ ላይ አቁሞት ከደንቡ አንቀጽ አስራ አንድን አንብቦለታል፤ ሦስት ጊዜ ቀሪ የሆነ አባል ከእድሩ ንብረት አይጠቀምም። ድንኳን የለም፣ አግዳሚ ወንበር የለም፣ ድስትም የለም። ወሩ ነሐሴ ነው። እትዬ ጥሩብርሃን ከሰላቸውን የሚሸፍኑበትን ሰማያዊ ሸራ አመጡልን። ውሃው ከላይ እየተጠራቀመ ሸራው ሆዱ ሲወርድ ፋሪዳ በመጥረጊያ እንጨት ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ ውሃው ደግሞ ተገልብጦ ለቀስተኛው ላይ ይወርዳል። የከሰል ጥቁር ውሃ ነው። ሰው ነጠላው እየተበላሸ ስንት ሰዓት ይቀመጥ? እናታችንን በጥድፊያ ነው ያለቀሱላት። የዚያ ከሰል ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ሳልጽፈው ባልፍ ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ። የሙዘይን ሚስት እትዬ ሰልዋ ሦስቱንም ቀን መጥተው ከሸራው ስር ተቀምጠዋል። ባላቸው ሰው ልኮ ሲያስጠራቸው አልተነሱም።

በሦስተኛው ቀን ሸራውን አጥፌ ስመልስ ማልኩ። ሙዘይንን ከዚያ ወንበር በገዛ ደንቡ ሳላወርደው አልሞትም አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአንተም ጭምር።

መንገዱን ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ያ ሁቤይ ክፍለ ሀገር ውስጥ ስላለው መንደር በአብደላ እጅ የላክህልኝ ደብዳቤ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የመንደሩን ምርጫ ከጥግ ቆመህ እንዳየህ ጽፈህልኛል። ሰባት ወንበር፣ ስምንት ስም። ስሞቹን አስቀድሞ ፓርቲው ተስማምቶባቸዋል፤ ገበሬው የሚጨምረው ስም የለም፣ ግን አንዱን መሰረዝ ይችላል። የሰውን የዓሣ ኩሬ የነጠቀው ሹም እንዴት እንደወደቀ፣ አንዲት አሮጊት ስሙን ሲሰርዙ ወረቀቱ እስኪቀደድ እንዴት እንደተጫኑት ጻፍክልኝ። በሩ ጠባብ ነው፣ ቢሆንም በር ነው ብለህ ጨረስክ። አንተ በር ያየህበት ቦታ እኔ ቢላ አየሁ።

ሙዘይን ደግሞ ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቀኝ። ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ለአስራ አምስት ቀን ስልጠና ቻይና ተልኮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቴርሞሱን ይዞ ነው የሚዞረው፤ ሻይ የሌለበት ትኩስ ውሃ ይጠጣል። በየስብሰባው ስለ ቻይና ባቡር ፍጥነት ያወራል። ሃያ ፓርቲ ተሰብስቦ የማይሠራውን አንድ ፓርቲ ቁጭ ብሎ ይሠራዋል ይላል። እዚያ ድምፅ ሲሰጥ እጁ ሁሉ እንደ አንድ ሰው እጅ ነው የሚወጣው ይላል። ጥያቄ ያነሳ ሰው እድራችን ውስጥ ያልሰለጠነ ተባለ።

ባለፈው ታኅሣሥ የልጅ ልጁን ዩኒፎርም ላደርስ ቤቱ ሄድኩ። ጋሼ፣ አልኩት፣ ወንድሜ እንደጻፈልኝ እዚያም ሲመርጡ ከወንበሩ በአንድ የሚበልጥ ስም ያቀርባሉ፤ ዝርዝሩን ኮሚቴው ራሱ ስለሚያወጣው ሥርዓቱ አይናጋም፤ እርስዎንም በእጅ ማውጣት ብቻ ነው የተመረጡት ብሎ የሚያማ ሰው አይኖርም። ቴርሞሱን ከፈተና ጠጣ። ዝርዝሩን ማን ያወጣል አለኝ። እርስዎ አልኩት። ማን ይቆጥራል አለኝ። እርስዎ የሰየሙት ሰው አልኩት። ወንድምሽ በደንብ ነው የተማረው ብሎ ሳቀ፤ እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ ብሎ ጨመረበት። የትኛውን መንደር እንዳየ አልጠየቅሁትም።

ከሳምንት በኋላ አስጠራኝ። ሰባቱ የእሱ ሰዎች ነበሩ፣ ራሱን ጨምሮ። ስምንተኛው የሚወድቅ ሰው መሆን ነበረበትና እኔን መረጠኝ። ወጣትም ሴትም መሆንሽ ለእድሩ መልክ ነው፣ ብትወድቂም አይክፋሽ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ልስም ነበር፤ ይገባል ብሎ በትከሻዬ አነሳኝ።

ሀምዳን፣ ሰውየው በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስሙ ከላይ ያልሰፈረበት ወረቀት አውጥቶ አያውቅም። ይህንንም እንደዚያው አደረገው። እድራችን ውስጥ ማንበብ የማይችሉ ስንት አዛውንት እንዳሉ አንተም ታውቃለህ። ለእነሱ የማንንም ስም አልጠራሁም። ቀሚስ ሊያሳጥሩ፣ ዚፕ ሊያስቀይሩ ሲመጡ አንድ ስም ብቻ ነው የሚሰረዘው እላቸዋለሁ፤ ፊደል ለከበደው የላይኛው ይቀላል እላለሁ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። አንዷ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ሳቀች።

ጥር ላይ እሁድ ቀን መቶ ስድሳ አራት ሰው ተገኘ። የቆጠረው ጋሽ ፈቀደ ነው፤ የሙዘይን የሃያ ዓመት ጓደኛ። በየስሙ ፊት በጠመኔ ጭረት ያስቀምጣል። መጀመሪያ ሙዘይን እግሩን አነባብሮ ፈገግ ይል ነበር። የእሱ ጭረት የመስመሩን ጫፍ አልፎ ወደ ታች ሲወርድ ጋሽ ፈቀደ ጠመኔውን ይዞ ቆም ማለት ጀመረ። ከአዳራሹ ሰው ቀጥል አለ። ዘጠና ሰባት ሰው ሰረዘው። እኔን የሰረዘኝ ሃያ አንድ ሰው ነው። ሙዘይን እንደገና ይቆጠር አለ። ሲቆጠር ዘጠና ስምንት ሆነ፤ አንዲት ወረቀት ከሌላ ጋር ተጣብቃ ነበር። ያቺ አንዷ ከዘጠና ሰባቱ ሁሉ በላይ ጣፈጠችኝ። ተነስቶ ሲወጣ ቴርሞሱን ጠረጴዛው ላይ ረሳው። ወር ሙሉ እዚያው ተቀመጠ፤ ላድርስለት ያለ ሰው አልነበረም።

የጮህክለት ወሬ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው። ያልነገርኩህን ስማ።

ሰባታችን በማግስቱ ተሰበሰብን። ከእኔ በቀር ስድስቱ ሙዘይን የመረጣቸው ናቸው። ከመካከላቸው ጋሽ ፈቀደን ዳኛ አደረጉት። የመጀመሪያ ንግግሩ ለመረጋጋት ሲባል ደንቡ እንዳለ ይቀጥላል የሚል ነበር፤ ሁሉም አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። አንተ ስለ እነዚያ መንደሮች በኋላ የጻፍክልኝ ትዝ አለኝ። አሁን አሁን የፓርቲው ጸሐፊና የመንደሩ ሹም አንድ ሰው እየሆኑ ነው ብለኸኛል፤ ምርጫውም ይህን ሁሉ ዓመት ከመንደር ወደ ላይ አንድ ደረጃ አልወጣም ብለኸኛል። ገና ነው ብለህ ነበር የደመደምከው። እዚህም ሰው አንድ ስም ሰርዝ ተባለና ሰረዘ። የቀሩትን ሰባት ማን ጻፋቸው ብሎ የጠየቀ አላየሁም። የሚቀጥለውን ዝርዝር የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ጋሽ ፈቀደ የእጅ ጽሕፈትሽ ያምራል ብሎ ሰጠኝ፣ እኔም ተቀበልኩ። ሌላው የማይፈልጋቸውን ሁለት ሥራዎችም ለምኜ ያዝኳቸው፤ የቀብር ስም ጥሪውንና የንብረት ክፍሉን። የድንኳኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነው።

መጋቢት ላይ እትዬ ጥሩብርሃን ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። አንቀጽ አስራ አንድ ይሻር፣ ቢያንስ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ቀሪ አይባል አሉ። እማዬን በስሟ ጠርተው ነበር የለመኑት። ጋሽ ፈቀደ እንኳ ልቡ ራርቶ ነበር። የተቃወምኩት እኔ ነኝ። ገና በጀመርን ደንብ ብንነካ ሥርዓት ይላላል አልኩ፤ ቃሉ የሙዘይን ነበር፣ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። እትዬ ጥሩብርሃን መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና ወጡ። ምክንያቴን አላወቁም። ሙዘይን ከወረደ ወዲህ ከሀፍረቱ የተነሳ ቀብር መምጣት ትቶ ነበር፤ መዝገቤ ላይ አንድ ቀሪ አለችበት። ሦስት እስኪሞላለት ደንቡ እንዲቆይልኝ ፈለግሁ።

ሁለተኛዋ በሚያዝያ ሞላች። ሦስተኛዋን ለማንም አልተናገርኩም። ሰኔ ላይ ቀራንዮ መድኃኔዓለም የተቀበረ ጎረቤት ነበረን። ከቀብሩ በኋላ ስም ስጠራ ሙዘይን ከግቢው በር አጠገብ ከጽድ ዛፉ ስር ቆሟል። ወደ ሰዉ መቀላቀል አፍሮ ነው። ስሙን ሁለት ጊዜ ጠራሁ። አቤት ማለት አቅቶት እጁን አወጣ። ሌላ ያየው ሰው የለም፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ነበር። እኔ ግን እጁን አይቻለሁ። ቀሪ ብዬ ጻፍኩ።

ዛሬ ማለዳ እትዬ ሰልዋ አረፉ። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ስኳሩ ነው አሉ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ኮልፌ ተቀበሩ። ጋሽ ፈቀደ ጃንጥላውን ይዞ ስፌት ቤት መጣና መዝገቡን አሳይኝ አለ። ሦስቱን ቀሪ በጣቱ እየነካ ቆጠረ። ከዚያ መዝገቡ ያንቺ ነው፣ ያልሽው ይሆናል አለኝ። አንቀጽ አስራ አንድ አልኩት። ደንብ ነው ብሎ ሄደ። ከትከሻው ሸክም የወረደለት ይመስል ነበር።

ከእሱ በኋላ ሙዘይን ራሱ ድንኳን ሊጠይቅ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ ግባ አላልኩትም። ኮቱ ረጥቦ ከሰውነቱ ጋር ተጣብቋል። ደንቡን አውጥቼ ገጹን ከፈትኩና፣ እሱ ለአባዬ እንዳነበበለት አድርጌ አነበብኩለት። በዚያች ደቂቃ ደስ አለኝ ሀምዳን፣ አልዋሽህም። አራት ዓመት ነው የጠበቅኋት። ይከራከረኛል ብዬ ነበር። እጄን አውጥቼ ነበር ይለኛል፣ ሰልዋ ለእናትሽ ሦስት ቀን ተቀምጣለች ይለኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱንም አላለኝም። ገብቶኛል አለና ተመለሰ። መልሶቼ አፌ ውስጥ ቀሩ።

አባዬ ከኋላ ጨርቅ ሲያጥፍ ሁሉንም ሰምቶ ኖሯል። ቁልፉን ስጪኝ አለኝ። የኮሚቴ ውሳኔ ነው አልኩት። ገመዱ የት ነው ብሎ ጠየቀኝ። የቱ ገመድ አልኩት። ያን ጊዜ ሸራውን ያሰርንበት አለ። እትዬ ጥሩብርሃን ያንን ሰማያዊ ሸራ ተጠቅልሎ እንዳለ ይዘው ደጅ ቆመው ነበር። በዚያ ጉልበቱ፣ በዚህ ጭቃ፣ አንዱን ጫፍ እሱ አንዱን እሳቸው ይዘው ወደ ሙዘይን ቤት ቁልቁል ሲወርዱ በመስኮት አየኋቸው።

ስለዚህ ምዕራፍህ ላይ ዳኛው ወረደ ብለህ ጻፍ፤ እውነት ነው። ዘጠና ስምንት ሰው ሰረዘው ብለህም ጻፍ። ዝርዝሩን አሁን የምታዘጋጀው እህቴ ናት ብለህ ግን ጨምርበት፣ ቀሪ ብላ የምትጽፈውም እሷ ናት በል። ስሜን አትደብቅ። መምህርህ ታዲያ ተስፋ አለ ወይስ የለም ካለህ የምትመልሰውን እኔ አላውቅም። አስበህ ጻፍልኝ።

ፋሪዳ ሰላምታዋን አላስጻፈችኝም፤ የመጥረጊያውን እንጨት ይዛ አባዬን ተከትላ ወጥታለች። እትዬ ጥሩብርሃን ሁልጊዜ ሀምዳንዬ ብርድ ልብስ አይርሳ በይልኝ ይሉ ነበር፤ ዛሬ አላናገሩኝም። አብደላ ነገ ጠዋት ወረቀቱን ሊወስድ ይመጣል። አባዬ ሰላምታውን በገዛ እጁ እንዲጽፍልህ ከታች ቦታ ትቼለታለሁ። ባዶ ሆኖ ከደረሰህ ከለቅሶው አልተመለሰም ማለት ነው። ነፋሱ ወረቀቱን እንዳይወስድብኝ የድንኳኑን ቁልፍ ጫፉ ላይ አስቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ዝናቡ አላባራም።

እህትህ ሃፊዛ
ኮልፌ 18 ማዞሪያ
ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.